ሜካፕ ሳንተው ወደ ተፈጥሯዊው ስንሄድ፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ሜካፕ እወዳለሁ። ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ኩሌን የምኳልባት፣ ሊፕስቲኬን የምመርጥባት ሩብ ሰዓት የራሴ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ጥያቄ መጣብኝ። በየቀኑ ፊቴ ላይ የምቀባው ነገር ከምን ነው የተሠራው? ባዶ ዕቃውስ ከቤቴ ወጥቶ የት ይደርሳል? ከዚያ በኋላ "ተፈጥሯዊ" የተባለውን ሁሉ ማሳደድ ጀመርኩ። ብዙም ተሳሳትኩ። አንዳንዱ ስህተት ገንዘቤን ብቻ በላ፣ አንዱ ግን ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሜካፕ መውደድና ለጤናም ለአካባቢም ማሰብ አብረው ይሄዳሉ ብዬ አምናለሁ። እኔ የከፈልኩትን ግን እናንተ እንድትከፍሉ አልፈልግም።

ከፊት ያለውን ጽሑፍ አምኖ መግዛት

ካርቶኑ አረንጓዴ ነው። ቅጠል ተስሎበታል። "ተፈጥሯዊ"፣ "ንጹህ"፣ "ከኬሚካል ነፃ" ይላል። የመጨረሻው ጭራሽ ትርጉም የለውም፤ ውሃም ኬሚካል ነው። "ተፈጥሯዊ" የሚለውም ቢሆን በብዙ ቦታ በሕግ የሰፈረ ፍቺ የለውም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንኳ ለመዋቢያ ምርቶች ቃሉን አልፈታውም።

እውነቱ የተጻፈው ከጀርባ ነው፣ በደቃቁ ፊደል። እኔ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ነው የማነበው። ዝርዝሩ በብዛት ከገባው ይጀምርና እየቀነሰ ይሄዳል። ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ደግሞ በማንኛውም ቅደም ተከተል ሊጻፉ ይችላሉ። አንድ ጊዜ ትልቅ ጽጌረዳ የተሳለበት ፋውንዴሽን ገዛሁ። ከጀርባው ጽጌረዳዋን ፈልጌ ፈልጌ ያገኘኋት ፊኖክሲኤታኖል ከሚባለው ማቆያ (ምርቱ እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር) ኋላ ነው። ይህ ማቆያ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ1 በመቶ በላይ እንዲገባ አይፈቀድም። ስለዚህ ከሱ ኋላ የተሰለፈው ሁሉ፣ ከቀለሞቹ በስተቀር፣ ከ1 በመቶ አይበልጥም ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ካርቶን ሳልገለብጥ ገዝቼ አላውቅም።

አንድ አቋራጭ አለ። እንደ ኮስሞስ እና ናትሩ ያሉ ማኅተሞች የተጻፈ መስፈርት አላቸው፤ የሚመረምረውም ከአምራቹ ውጪ ያለ አካል ነው። አምራቹ ራሱ ከሳለው ቅጠል ይልቅ እነሱን ፈልጉ።

ከተፈጥሮ የመጣ አይጎዳም ብሎ ማሰብ

እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ከመሬት ነው የሚወጣው። ሜርኩሪም እንዲሁ። በጥንቱ መንገድ ከድንጋይ ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ኩል በብዙ አገሮች የሚሠራው ጋሌና ከሚባል ማዕድን ነው። ጋሌና ደግሞ የእርሳስና የድኝ ውህድ ነው። እርሳስ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፣ የልጆችን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። "ምንም ኬሚካል የለበትም፣ ድንጋይ ብቻ ነው" እየተባለ የሚሸጥ፣ ይዘቱ ያልተጻፈበት ኩል አትግዙ። የልጅ ዓይን ላይማ በፍጹም።

የዕፅዋት መዓዛ ዘይቶችም እንደ ሽታቸው ገር አይደሉም። እኔን ሐኪም ዘንድ የወሰደኝ የላቬንደር ዘይት ያለበት የዓይን ክሬም ነው። ሽታውን ስለምወደው እየቆጠብኩ ወራት አቆየሁት። አንድ ጠዋት ስነሳ የዓይኔ ቆብ አብጧል፣ ቀልቷል፣ ቆዳው እየተሰነጣጠቀ ይላላጣል። የቆዳ ሐኪሟ የምቀባውን ሁሉ ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ። ብልቃጦቹን ጠረጴዛዋ ላይ ደርድራ አንድ በአንድ ስታነብ ቆየችና "ሊናሎል" የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ሊናሎል ለላቬንደር ሽታ ከሚሰጡት ዋነኞቹ አንዱ ነው። አየር ሲያገኘው እየተለወጠ ይሄዳል፤ አለርጂ በመቀስቀስ የሚታወቀውም የተለወጠው ነው። እየቆጠብኩ ማቆየቴ ነገሩን አባብሶት ኖሯል።

ሎሚንም ላንሳ። የሎሚ ጭማቂ በጣም አሲዳማ ነው፣ ከቆዳችን ተፈጥሯዊ አሲድነት ጋር አይወዳደርም። በዚያ ላይ ሎሚና መሰሎቹ ቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ሊያቃጥሉ፣ ውሃ ሊያስቋጥሩ፣ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተዉ ይችላሉ።

አዲስ ነገር ስትገዙ ታዲያ ከፊታችሁ አትጀምሩ። ክንዳችሁ ውስጠኛው በኩል፣ የሳንቲም ስፋት ባለው ቦታ ላይ፣ በቀን ሁለቴ ከ7 እስከ 10 ቀን ቀቡት። የአሜሪካ የቆዳ ሕክምና አካዳሚ የሚመክረው ይህንን ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ አውቃለሁ። ያበጠ ዓይን እስኪድን መጠበቅ ግን ይብሳል።

ማቆያን እንደ ጠላት ማየት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነውና።

"ፓራቤን የሌለው" የሚል ስናይ እፎይ እንላለን። ፓራቤን ማቆያ ነው፤ ባክቴሪያና ሻጋታ እንዳይራቡ ያደርጋል። ሆርሞን ያዛባል የሚለው ስጋት ከመሬት ተነስቶ የመጣ ነው አልልም። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 አምስት የፓራቤን ዓይነቶችን ከመዋቢያ አግዷል። ሜቲልፓራቤንና ኤቲልፓራቤን ግን በተወሰነ መጠን እንደተፈቀዱ ቀጥለዋል። ሁሉም አንድ አይደሉም።

ፓራቤን ሲወጣ ታዲያ ምን ገባ? ብዙ አምራቾች ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን ወደሚባል ማቆያ ዞሩ። ብዙም ሳይቆይ የቆዳ ሐኪሞች ደጅ በአለርጂ ታማሚ ተሞላ። በአሜሪካ የንክኪ አለርጂን የሚከታተለው የሐኪሞች ማኅበር ይህንኑ ማቆያ በ2013 "የዓመቱ አለርጂ ቀስቃሽ" ብሎ ሰየመው። አውሮፓም ቆዳ ላይ ከሚቆዩ ምርቶች አስወጣው። ያው ማኅበር በ2019 ደግሞ ፓራቤንን "የዓመቱ አለርጂ የማይቀሰቅስ" ብሎ መረጠው። "ይሄ የለበትም" የሚል ስታነቡ ቀጥላችሁ "በምትኩስ ምን አለበት?" በሉ።

ጭራሽ ማቆያ የሌለውስ? ፈሳሽ ፋውንዴሽን፣ ክሬም፣ አብዛኛው ማስካራ ውሃ አላቸው። ብሩሹን በነከርን ቁጥር ከፊታችን ባክቴሪያ ይዘን እንገባለን። እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ እጅ ነው። እሬት ቆርጬ፣ ጄሉን በማንኪያ ፍቄ፣ ከኮኮናት ዘይት ጋር መትቼ ክሬም ሠራሁ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ደስ የሚል ነገር ወጣው። በአምስተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት ሽታው ተለውጧል። የብልቃጡ ጠርዝ ላይ ሮዝ ነጠብጣቦች ወጥተዋል። በአምስተኛው ቀን ለዓይን የታየው በሦስተኛውም ቀን ሳይኖር አይቀርም፤ ያን ቀን ደግሞ ፊቴን በደንብ አድርጌ ተቀብቼዋለሁ።

ማቆያ መቀነስ የምትፈልጉ ከሆነ ውሃ የሌለበትን ምረጡ። ዱቄት ፋውንዴሽን፣ በሰምና በዘይት የተሠራ የከንፈር ቅባት፣ በስቲክ የሚመጣ የጉንጭ ቀለም። ውሃ በሌለበት ባክቴሪያ በቀላሉ አይራባም። ቤት ውስጥ መቀመም የምትወዱም ከነዚህ ጀምሩ።

የፀሐይ መከላከያ ግን ቤት ውስጥ አይሠራም። ፀሐይን የሚከላከለው የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት በእጅ ሲማሰል ይጓጉላል፣ እኩል አይበተንም። ቆዳው የተሸፈነ ይመስላል፤ ባዶ የቀረውን ቦታ የምታውቁት ከተቃጠላችሁ በኋላ ነው።

ሦስት ቃላትን አንድ ማድረግ

"ተፈጥሯዊ"፣ "ቪጋን" (ከእንስሳ የተገኘ ነገር የሌለበት) እና "በእንስሳት ላይ ያልተሞከረ" ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የምወደው ደማቅ ቀይ ሊፕስቲክ ቀለሙን ያገኘው ከካርሚን ነው። ካርሚን የሚወጣው ቁልቋል ላይ ከሚኖሩ ኮቺኒል ከሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ተፈጥሯዊ ነው፤ ቪጋን ግን አይደለም። ዝርዝሩ ላይ "ሲአይ 75470" ተብሎ ሊመጣ ይችላል። በተቃራኒው ቪጋን የተባለ ምርት ከነዳጅ ዘይት ተረፈ ምርት ሊሠራ ይችላል። የምትዘል ጥንቸል ያለችበት የሊፒንግ በኒ ምልክት ደግሞ ምርቱ በእንስሳት ላይ አለመሞከሩን ነው የሚነግራችሁ፣ ስለ ይዘቱ ደህንነት አይደለም።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። አይሻዶን የሚያብለጨልጨው ሚካ ከመሬት የሚቆፈር ማዕድን ነው። በሕንድ ጃርካንድ ግዛት ሕፃናት ጠባብ ጉድጓድ እየገቡ ሲለቅሙት በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ሚካውን ከየት እንደሚያመጣ የማይናገር አምራች አልገዛም። በላቦራቶሪ የሚሠራ ሚካም አለ፤ "ሲንተቲክ ፍሎርፍሎጎፓይት" ይባላል። ሰው ሠራሽ ቢሆንም እኔ በዚህ ጉዳይ እሱን እመርጣለሁ።

"ፓርፈም" የምትለዋን ቃል ማለፍ

ዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ "ፓርፈም" ወይም "ፍራግራንስ" ትላለች። በዚህች አንዲት ቃል ሥር በርካታ ንጥረ ነገሮች ሊደበቁ ይችላሉ። ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ጭራሽ ሽታ ያልተጨመረበትን ግዙ። በመዓዛ ዘይት የተተካውን አይደለም።

ውሃ የማያስለቅቀውን ዝም ብሎ መቀባት

በ2021 የኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአሜሪካና በካናዳ የተገዙ 231 መዋቢያዎችን መርምረው ነበር። ከግማሽ በላይ በሆኑት ውስጥ ከፍተኛ ፍሎሪን አገኙ፤ ይህ ፒፋስ የሚባሉት፣ ውሃና ዘይት የሚገፉ ኬሚካሎች መኖራቸውን ይጠቁማል። ውሃ የማያስለቅቀው ማስካራና ፈሳሽ ሊፕስቲክ በብዛት ከተገኘባቸው መካከል ነበሩ። ፒፋስ ተፈጥሮ ውስጥ ለመፈራረስ እጅግ ይቸገራሉ። ዝርዝሩ ላይ "ፒቲኤፍኢ" ወይም በ"ፐርፍሎሮ" የሚጀምር ስም ካለ እኔ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። በዕንባና በዝናብ የሚለቅ ማስካራ ይሻለኛል።

ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን መጣል

ይህን ስህተት የምንሠራው በጣም ስንነሳሳ ነው። አንድ ምሽት መሳቢያችንን ዘርግፈን፣ ሙሉ የሆነውን ሁሉ ቆሻሻ ውስጥ ጨምረን፣ አዲስ "አረንጓዴ" ዕቃ እንገዛለን። ለአካባቢ ብለን የጀመርነው ነገር ቆሻሻ ሆኖ ይጀምራል። የሚያሳክካችሁን፣ ጊዜው ያለፈበትንና ምንነቱ የማይታወቀውን አስወግዱ። ሌላውን ጨርሱት። ሲያልቅ በተሻለው ተኩት።

ስትተኩ መሙያ የሚገዛለትን አስቀድሙ። መስታወት፣ ማግኔትና ፕላስቲክ አንድ ላይ የተጣበቁበት የዱቄት ዕቃ መልሶ ለመጠቀም አስቸጋሪ ነው፤ ትንንሽ ዕቃዎች ቆሻሻ በዓይነት በሚለይ ማሽን ላይ ሾልከው ይወድቃሉ። ሜካፕ ማስለቀቂያ እርጥብ ሶፍት ደግሞ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ክር አለበት። ታጥቦ የሚደርቅ ጨርቅና ጥቂት ዘይት ሥራውን ይሠራሉ።

ቀኑን መርሳት

ዕቃው ላይ ክዳኗ የተከፈተ ትንሽ ብልቃጥ ተስላ፣ በውስጧ "6" ወይም "12" ተጽፎ ታያላችሁ። ከተከፈተ በኋላ ለስንት ወር እንደሚያገለግል ነው። ማስካራ በ3 ወር ቢቀየር ይመረጣል፤ ቀለል ያለ ማቆያ ያለውማ ከዚያ በላይ ባይቆይ ጥሩ ነው። ችግሩ መቼ እንደከፈትነው አለማስታወሳችን ነው። እኔ መሳቢያዬ ውስጥ ቀጭን ማርከር አስቀምጫለሁ። አዲስ ዕቃ በከፈትኩ ቀን፣ ፊቴን ሳልነካ በፊት፣ ከሥሩ ገልብጬ ቀኑን እጽፍበታለሁ።