ያረጀ የቤት ሚዲያ ሰርቨር በምን ይተካ?

ሚዲያ ሰርቨር ፊልምና ቪዲዮ አስቀምጦ ለቴሌቪዥንና ለስልክ የሚያቀብል ኮምፒውተር ነው። አዲስ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌው የሚያቅተው የቱ ጋ እንደሆነ ለዩ። እኛ ቤት ያለው ባለ 4ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 5 ዴስክቶፕ ለሳሎኑ ቴሌቪዥን ፊልም ሲያቀብል ምንም አይሰማውም፤ ፋይሉን እንዳለ ይልካል፣ የሚፈታው ቴሌቪዥኑ ነው። ማራገቢያው መጮህ የሚጀምረው እህቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆና የአክስታችንን ልጅ ሰርግ በስልኳ ስትከፍት ነው። ከቤታችን የሚወጣው ኢንተርኔት ያን ያህል ስለማይሸከም ሰርቨሩ ቪዲዮውን ፈትቶ፣ አሳንሶ፣ እንደገና ጠቅልሎ መላክ አለበት። ትራንስኮድ የሚባለው ይኼ ነው፤ የምትገዙትን ማሽን የሚወስነውም እሱ ነው። ጄሊፊን የሚባለውን የሚዲያ ሰርቨር ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ቪዲዮ እየታየ ዳሽቦርዱን ክፈቱ፤ ዳይሬክት ፕሌይ (ፋይሉን እንዳለ መላክ) ወይም ትራንስኮድ ብሎ ከነምክንያቱ ያሳያችኋል። እናንተ ቤት ሁሉም በዳይሬክት ፕሌይ የሚሄድ ከሆነ ገንዘባችሁን ለዲስክ አቆዩት፣ ማሽኑ ገና ያገለግላችኋል።

ትራንስኮድ ካለ ግን የጊጋኸርዙን ነገር ተዉት። ኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ ክዊክ ሲንክ የሚባል ለቪዲዮ ብቻ የተሠራ ክፍል አለ፤ መጠየቅ ያለበት እሱ የትኛውን ፎርማት እንደሚያውቅ ነው። ሰርጉም ክርስትናውም ዛሬ በስልክ ይቀረጻል። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ኤችኢቪሲ በሚባለው ፎርማት መቅረጽ ይችላል፣ ከአይፎን 12 ጀምሮ ደግሞ ኤችዲአሩ (ብርሃንና ቀለምን አስፍቶ የሚቀርጸው) ሲበራ 10 ቢት፣ ማለትም ከተለመደው 8 ቢት የበለጠ የቀለም ደረጃ ያለው ይሆናል። የኔው 4ኛ ጄኔሬሽን ክዊክ ሲንክ ኤችኢቪሲን ስለማያውቅ የመፍታቱ ሸክም በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። 6ኛው 8 ቢቱን ብቻ ይችላል። 10 ቢቱን መፍታትም መጠቅለልም የጀመረው 7ኛው ነው። ስለዚህ ከ7ኛ አትውረዱ፤ 8ኛ ከተገኘ ደግሞ የዴስክቶፑ ኮር አይ 5 ከ4 ወደ 6 ኮር ያደገው እዚያ ላይ ስለሆነ እሱን ውሰዱ። የሞዴል ቁጥሩ በኤፍ የሚያልቀውን አትንኩ፤ ግራፊክስ የለውም፣ ክዊክ ሲንክም አብሮ ይቀራል።

እኔ የመረጥኩት ያገለገለ ሚኒ ዴስክቶፕ ነው፤ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ ወይም የሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ፣ 8ኛ ጄኔሬሽን የሆነው ኮር አይ 5 8500ቲ ያለው። 35 ዋት የተመደበለት ፕሮሰሰር ነው፣ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኢንቴል ኤን100 ፕሮሰሰር ያለባቸው አዳዲስ ሳጥኖችም ለዚህ ሥራ ይበቃሉ፤ ኤቪ1 የሚባለውን አዲስ የቪዲዮ ፎርማት እንኳ ይፈታሉ። ነገር ግን የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ አዲስ ዕቃ መግዛት ከባድ ነው፣ ስማቸው የማይታወቅ ሳጥኖች ሲበላሹም መለዋወጫ ፍለጋ ያንከራትታሉ። ራስበሪ ፓይ 5 የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ቪዲዮ የሚጠቀልልበት ሃርድዌር ስለሌለው ለትራንስኮድ አይሆንም። ራም 8 ጊጋ ይበቃል።

ሱቅ ስትሄዱ ማሽኑን የምታስነሱበት ሊኑክስ (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) የተጫነበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ፍላሼ ላይ የግራፊክሱን ሥራ የሚያሳየውን ኢንቴል ጂፒዩ ቶፕ የሚባል ፕሮግራምና ሁለት ፋይሎች ይዤ ነው የምሄደው። አንደኛው በስልክ የተቀረጸ ባለ 10 ቢት ቪዲዮ ነው፤ በክዊክ ሲንክ ትራንስኮድ ሲደረግ በፕሮግራሙ ላይ ቪዲዮ የሚለው መስመር ከፍ ማለት፣ ፕሮሰሰሩ ግን ረጋ ማለት አለበት። ሁለተኛው የወላጆቼ ሰርግ ነው፤ ከቪኤችኤስ ካሴት ኤምፔግ 2 ወደሚባለው የቆየ የቪዲዮ ፎርማት የተገለበጠ፣ ባለ 576 መስመር። ብሮውዘሮች ኤምፔግ 2ን ስለማያጫውቱ እንዲህ ያለ ፋይል በብሮውዘር ሲከፈት ሁልጊዜ ትራንስኮድ ይሆናል። ምስሉ የተቀዳው አንድ መስመር እየዘለለ በመሆኑ ዲኢንተርሌስ ካልተደረገ (መስመሮቹ ተስተካክለው ካልተዋሐዱ) ሙሽሪት እጇን ባነሳች ቁጥር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ማሽኑ ይህን አስተካክሎ ሲያሳያችሁ ተማምናችሁ ግዙ።

ከዚያ ባዮሱን፣ ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተውን የራሱን ማስተካከያ፣ ክፈቱ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ራሱ እንዲነሳ የሚያዘው ማስተካከያ ዴል ላይ ኤሲ ሪከቨሪ፣ ኤችፒ ላይ አፍተር ፓወር ሎስ ይባላል። አብሩት፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ መልሱና በዓይናችሁ እዩ። ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ካገኛችሁት ሲአር2032 የምትባለው ድቡልቡል ባትሪ አልቃለች፤ ርካሽ ናት፣ ቀይሯት። አዳፕተሩም የራሱ ይሁን፤ ዴል አዳፕተሩን ካላወቀው የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይቀንሳል።

ዲስክ ላይ አትቆጥቡ፤ ያገለገለ ማሽን እወስዳለሁ፣ ያገለገለ ዲስክ ላይ ግን የሰርግ ካሴት አላስቀምጥም። ሌላ አማራጭ ከሌላችሁ ዲስኩ ስለ ጤንነቱ የሚመዘግበውን የስማርት ዝርዝር አስነብቡ፦ የተበላሹና የሚያጠራጥሩ ቦታዎችን የሚቆጥሩት 5፣ 197 እና 198 ቁጥሮች ዜሮ መሆን አለባቸው። 9ኛው የሠራበት ሰዓት ነው፣ አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት መሆኑን እያሰባችሁ አንብቡት። ሚኒዎቹ ውስጥ ከ2.5 ኢንች የሚበልጥ ዲስክ ስለማይገባ ትልቁ ዲስክ የራሱ 12 ቮልት አዳፕተር ባለው የውጭ ሳጥን ይቀመጥ። ፊልም ቢጠፋ ይተካል፣ የካሴቱ ቅጂ ግን አይተካም፤ ስለዚህ ሁለት ዲስክ ከገዛችሁ ሬይድ በሚባለው ዘዴ እንደ አንድ ዲስክ አንድ ቦታ ከምታጣምሯቸው ሁለተኛውን በየጊዜው ገልብጣችሁ ሌላ ቤት አስቀምጡ። እኔ እናቴ ጋ ነው የማኖረው። ማሽኑንና ዲስኩን ቡፌ ውስጥ አትዝጉባቸው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የማንሳት አቅሙ ያነሰ ነው።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ላይ ማሽኑን ብቻ ሰክታችሁ የዲስኩን ሳጥን ግድግዳው ላይ እንዳትተዉት፤ መብራት ሲጠፋ ጽሕፈት መሃል የሚቋረጠው ዲስኩ ነው። ራውተሩንም ጨምሩበት። ትንንሾቹ ዩፒኤሶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ነው። ሚኒው፣ ዲስኩና ራውተሩ አንድ ላይ 30 ዋት ቢበሉ፣ ግማሹ በመንገድ ቢባክን እንኳ ባትሪው አዲስ እስከሆነ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ታገኛላችሁ። የዩፒኤሱን የዩኤስቢ ገመድ ከማሽኑ ጋር አገናኙና ባትሪው ሊያልቅ ሲል ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ አድርጉት።