ጎበዙ ልጅ ልምምድ መቅረት ሲጀምር፦ ከአድሪያኖ ታሪክ ለአሰልጣኝና ለቤተሰብ

ቡድናችሁ ውስጥ ከሁሉም የሚለይ አንድ ልጅ አለ እንበል። ሰሞኑን ያረፍዳል፣ ይቀራል፣ ሲመጣም ፊቱ ልክ አይደለም። ቅጣት ከመወሰናችሁ በፊት ቤቱ ምን እንደተፈጠረ ጠይቁ። እኔ ይህን ሳስብ ሁሌ ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው የቀድሞው ብራዚላዊ አጥቂ አድሪያኖ ነው (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

አድሪያኖ የሪዮ ዴ ጄኔሮ ድሃ ሰፈር፣ የቪላ ክሩዜሮ ልጅ ነው። በ2001፣ በ19 ዓመቱ፣ የጣሊያኑ ክለብ ኢንተር ሚላን ገባ። ወዲያው በወዳጅነት ጨዋታ፣ ያውም በማድሪድ ሜዳ በበርናቤው፣ ሪያል ማድሪድ መረብ ውስጥ የከተታት ቅጣት ምት ዛሬም ትገርመኛለች። ያ ግራ እግር! በሐምሌ 2004 ደግሞ በደቡብ አሜሪካ አገሮች ዋንጫ፣ በኮፓ አሜሪካ ፍጻሜ ብራዚል በአርጀንቲና 2 ለ 1 እየተመራች፣ መደበኛው ሰዓት አልቆ በጭማሪው ደቂቃ አቻ አደረጋትና በመለያ ምት ዋንጫውን ወሰዱ። በ7 ጎል ኮከብ ጎል አስቆጣሪ ሆነ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን የአባቱ የአልሚር ሞት በስልክ ተነገረው። የኢንተር የቡድን ጓደኛው ሃቪየር ዛኔቲ እንደሚያስታውሰው፣ ስልኩን ወርውሮ ይጮህ ጀመር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር፦ ቤቱ ለቅሶ ገብቶ ከሆነ ልጁ እርሙን ያውጣ። አድሪያኖ መጫወቱንም ማግባቱንም ቀጠለ፤ በ2005 የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ኮከብ ተጫዋችም ኮከብ ጎል አስቆጣሪም ነበር። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ጎል አገባ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ለቅሶ ቤት ቡድኑን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላም ተመለሱ። «ጨዋታው ያስረሳሃል» ብላችሁ አታጣድፉት።

መጠጥ ከጀመረ አትሸፍኑለት። አድሪያኖ ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ ሰክሮ ልምምድ ሲመጣ ክለቡ ያስተኛውና ለጋዜጠኞች የጡንቻ ጉዳት ነው ይባል ነበር። ለክብሩ ተብሎ የተደረገ ይመስላል፣ ግን ችግሩን ለማየት የሚችለውን ሰው ሁሉ ያርቃል። ለብቻው ቁጭ አድርጋችሁ፣ ሳትጮሁበት፣ ያያችሁትን ንገሩት።

ፍቅር ብቻውን እንደማይበቃም እወቁ። ዛኔቲና የክለቡ ባለቤት የነበረው ማሲሞ ሞራቲ እንደ ታናሽ ወንድም ይዘውት ነበር። ዛኔቲ ግን ከድብርቱ ልናወጣው አለመቻላችን ትልቁ ሽንፈቴ ነው ይላል። እንቅልፍ ካጣ፣ ሰው ከሸሸ፣ በየቀኑ ከጠጣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ አብራችሁት ሂዱ። አድራሻ ሰጥቶ መሸኘት አይሆንም።

ወደ ቤቱ መመለስ ከፈለገስ? ፍቀዱለት። በ2009 ኢንተርን ትቶ ሪዮ ሲገባ ብዙዎች አለቀለት አሉ፤ በዚያው ዓመት ግን ከሪዮው ክለብ ፍላሜንጎ ጋር የብራዚል ሻምፒዮን ሆነ፣ 19 ጎልም አገባ። ከዚያ በኋላ በጣሊያኑ ክለብ ሮማ አልሆነለትም፣ በብራዚሉ ክለብ ኮሪንቲያንስ ሳለ ደግሞ የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ። በዚያ ከፍታ ዳግም አልታየም።

የእናንተም ልጅ ኳስ ካቆመ ስልኩን ከመዝገባችሁ አታጥፉ። በየሳምንቱ ደውሉለት። ስለ እናቱ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ምሳ ስለመብላቱ ጠይቁት፤ ኳሱን እሱ ራሱ እስኪያነሳው ድረስ አታንሱበት።