ካዝናው ባዶ ነው ወይስ ሙሉ? የመሣሪያ ካዝናና ዕቃዎችን ቤት ውስጥ ስናስቀምጥ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ጠመንጃውን በሚገባ ቆልፎ፣ ካዝናውን፣ ዝናሩን፣ መወልወያውንና የማነጣጠሪያ መነጽሩን ባትሪ ግን አንድ መሳቢያ ውስጥ ጠቅጥቆ የሚዘጋ ሰው ብዙ ነው። ከታች የምዘረዝራቸው ችግሮች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከዚያ መሳቢያ ነው። ካዝና ስል ጥይት የሚደረደርበትን፣ ከመሣሪያው የሚነቀለውን ክፍል ማለቴ ነው። ቁልፍ ያለውን ማስቀመጫ፣ ስሙ እንዳይምታታ፣ የብረት ሳጥን እለዋለሁ።

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት መሣሪያውን ባዶ አድርጉ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙሩ፣ ጣታችሁን ከቃታው አርቁ። መጀመሪያ ካዝናውን ንቀሉ፤ ከዚያ በኋላ ማቀባበያውን ስባችሁ የጎረሰውን ጥይት አውጡ። ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይን እዩ፣ በትንሽ ጣት ዳስሱ። ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁት፣ ማለትም ቀድማችሁ ስባችሁ ካዝናውን ኋላ ከነቀላችሁ፣ አንዱ ጥይት ሲወጣ ካዝናው ሌላውን ያጎርሳል። ካዝናው ወጥቶ እጃችሁ ላይ ስላለ ብቻ መሣሪያው ባዶ ነው ማለት አይደለም።

የትኛው ካዝና ሙሉ፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ አይለይም

ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሁሉም አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ሲመለስም በችኮላ ነው። አደጋው ግን ቀላል አይደለም።

አንድ ቀን ካዝናዎቼን ስደረድር አንዱን ከላይ አየት አድርጌ ከባዶዎቹ ጎን አኖርሁት። ቀጥሎ ሳጥኑን ሳስጠጋ ከውስጡ ኮሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወደ መብራት አዙሬ ብመለከት፣ ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋው ክፍል በአቧራና በደረቀ ዘይት ተጣብቆ መሀል ላይ ቀርቷል። ከእሱ በላይ ሁለት ጥይቶች ጨለማው ውስጥ ተጋድመው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ብቻ አላምንም። ባዶ የምለው ገፊው ከካዝናው አፍ ላይ ሲታየኝና በአውራ ጣቴ ስጫነው ወርዶ ተመልሶ ሲፈናጠር ነው።

መፍትሄው ባዶውንና ሙሉውን በተለያየ ሳጥን ማስቀመጥ ነው፤ በአንድ መደርደሪያ ግራና ቀኝ ማድረግ አይበቃም። የእኔ ምርጫ ከዚህም ይጠብቃል፦ ቤት ውስጥ ያለ ካዝና ሁሉ ባዶ ይሁን፣ ጥይቱም በራሱ ፓኮ ሆኖ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ። ፓኮውን አትጣሉ። የጥይቱ ዓይነትና የምርት ቁጥሩ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው፤ አምራቹ ጉድለት አግኝቶ ምርቱን መልሱ ቢል የምታውቁት በዚያ ቁጥር ነው።

ካዝናው ይገባል፣ ጥይቱ ግን የሌላ መሣሪያ ነው

ይህን አታሳንሱት። 5.56 በ45 ሚሊ ሜትርና 300 ብላክአውት የሚባሉት ጥይቶች አንድ ዓይነት ካዝና ይጠቀማሉ። ባዶው ካዝና ከውጭ ሲታይ ምንም ልዩነት የለውም። ወፍራሙ 300 ብላክአውት በስህተት 5.56 መሣሪያ ውስጥ ጎርሶ ከተተኮሰ፣ እርሳሱ በጠባቡ አፈሙዝ ማለፍ ስለማይችል መሣሪያው ተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

በሾትጋንም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ጌጅ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል። የ20 ጌጅ ጥይት 12 ጌጅ አፈሙዝ ውስጥ ቢገባ ወደ ፊት ተንሸራትቶ ይወተፋል። ተኳሹ ቀዳዳው ባዶ መስሎት 12 ጌጁን ከኋላው ያጎርሳል። የ20 ጌጅ ጥይት ቢጫ ቀለም የተሰጠው ይህ እንዳይደርስ ነው።

መፍትሄው ቀለም ነው። በካዝናው ታች ክዳን ዙሪያ ለእያንዳንዱ የጥይት ዓይነት አንድ ቀለም ፕላስተር ጠምጥሙ፣ ያንኑ ቀለም በጥይቱ ሳጥንና በመሣሪያው ላይ ድገሙት። ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ በደብዛዛ ብርሃን ቀለም ቀድሞ ይታያል። ኪስ ወይም ዝናር ውስጥ የተገኘ ነጠላ ጥይትም ታችኛው ጠርዙ ላይ ያለው ምልክት ሳይነበብ ወደ ፓኮ አይመለስ።

ብረቱ ላይ ዝገት ወጣ

ዝገቱ የት እንደጀመረ ተመልከቱ፤ ቦታው ምክንያቱን ይነግራችኋል። የሽጉጡ ወይም የካዝናው ጎን ላይ ሰፋ ብሎ ከታየ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቆዳ አፎቱ ነው። ቆዳ ሲለፋ የገባበት ጨውና ኬሚካል እርጥበት ስቦ ከብረቱ ጋር አጣብቆ ያቆየዋል። አፎት ለመታጠቂያ እንጂ ለማስቀመጫ አልተሠራም። ስፖንጅ የተነጠፈበት ሻንጣም እንዲሁ ነው፤ ስፖንጁ እርጥበት ከጠጣ ዝገቱ ብረቱ በተኛበት በኩል ብቻ ይወጣል። የጣት አሻራ ቅርጽ ያለው ዝገት ካያችሁ ደግሞ ላብ ነው፤ ከማስቀመጣችሁ በፊት ቀጭን ዘይት በነካ ጨርቅ ጥረጉ።

በሳጥኑ ውስጥ ያለው እርጥበት 50 በመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ አስገቡና ተከታተሉ። ሲሊካ ጄል የተባለውን እርጥበት መጣጭ ያስቀመጠ ሰው የሚረሳው ነገር ቢኖር እሱም እንደሚጠግብ ነው። ብርቱካናማው ሲጠግብ ወደ አረንጓዴ፣ ሰማያዊው ወደ ሮዝ ይለወጣል። ወደ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ለጥቂት ሰዓት ሲደርቅ ተመልሶ ይሠራል። ሰማያዊው ኮባልት ክሎራይድ የተባለ ጎጂ ኬሚካል ስላለው ምግብ በሚበስልበት ምድጃ አታድርቁት።

የጥይቱ ቀለህ አረንጓዴ ሆነ ወይም ተሰነጠቀ

አረንጓዴው ከእርጥበትና ከቆዳ የሚመጣ ነው። ጥይት በቆዳ ዝናር ተሰክቶ ለወራት መቀመጥ የለበትም። ስንጥቁ ግን የራሱ ታሪክ አለው። በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ጥይቱን በፈረስ ጋጣ ሲያስቀምጥ በዝናብ ወራት የናሱ ቀለህ እየተሰነጠቀ ያስቸግር ነበር። ጥፋተኛው ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መሆኑ የተብራራው በ1921 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዛሬ ጋጣ ባይኖርም አሞኒያ ያለው የመስታወትና የወለል ማጽጃ አለ። እሱና ጥይት አንድ ቁምሳጥን አይግቡ። የተሰነጠቀ ወይም ዝገት የበላው ጥይት አይተኮስም፣ ቆሻሻ ውስጥም አይጣልም፤ ለማስወገድ ለሚመለከተው የሕግ አካል አስረክቡ።

ካዝናው ጥይት አልገፋ አለ

ብዙ ሰው ካዝናው ጥይት ሞልቶ በመቆየቱ ሞላው፣ ማለትም ገፊውን የሚያነሣው ጥምዝ ሽቦ፣ ደከመ ይላል። ጥሩ ሞላን ይበልጥ የሚያደክመው ግን ደጋግሞ መጫንና መለቀቅ ነው። መጀመሪያ ቆሻሻውን ተጠራጠሩ። ካዝናውን ስትፈቱ ሞላው ተፈናጥሮ ዓይን ሊመታ ስለሚችል የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ፣ ክዳኑን በአውራ ጣት ደግፉ፤ ሞላው የገባበትን አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ዘይት አታፍስሱበት። ዘይት አቧራ ይይዛል፣ ጥይቱ ላይ ከደረሰም በቀለህ ቂጥ ወዳለው ማቀጣጠያ ሰርጎ ጥይቱን ሊያከሽፈው ይችላል። አፉ ላይ ጥይቱን አቅፎ የሚይዘው ጠርዝ ከተጣመመ ወይም ከተሰነጠቀ ግን አታቃኑት፣ ለውጡት።

ባትሪው ፈሰሰ

የመብራት ባትሪ ሲፈስ የሚታየው ነጭ ዱቄት አልካላይ ነው። ጓንት አድርጋችሁ በኮምጣጤ በረጠበ ጥጥ ጥረጉና አድርቁ። ከእንግዲህ መብራቱን ስታስቀምጡ ባትሪውን አውጡ። በማነጣጠሪያ መነጽሮች ውስጥ ያለውን ሳንቲም መሳይ ባትሪ ግን እንደ ጥይት ቆልፉበት። ሕፃን ቢውጠው በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፤ የዋጠ ልጅ ምልክት ሳይጠበቅ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ጨርቁ ይሸታል፣ መደርደሪያውም ጎበጠ

የእንጨት ሰደፍ በተልባ ዘይት የምትቀቡ ከሆነ ጨርቁን ጨምድዳችሁ አትተዉት። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ ክምሩ በራሱ ሊነድድ ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት። መደርደሪያው የጎበጠው በክብደት ነው፦ 30 ጥይት የያዘ የክላሽ የብረት ካዝና ከ800 ግራም ይበልጣል፣ አሥሩ ከ8 ኪሎ በላይ ነው። ከባዱን ታች አድርጉ።

ልጆች ቁልፉ የት እንዳለ ያውቃሉ

ወላጅ አያውቁም ቢልም ያውቃሉ ብላችሁ ተነሱ። ከበሩ ላይ፣ ከፍራሽ ሥር፣ ከኮት ኪስ የሚቀመጥ ቁልፍ ተደብቋል አይባልም። ቁልፉ ከእናንተ ጋር ይዋል፣ ማታም በቁጥር በሚከፈት ትንሽ ሳጥን ይደር፤ ቁጥሩም የልደት ቀን አይሁን። የመሣሪያውና የጥይቱ ቁልፍ አንድ ማያያዣ ላይ ከታሰሩ ለየብቻ መቆለፉ ትርጉም ስለሌለው ዛሬውኑ ለዩአቸው።