ጅማ ከቆሻሻዋ የካርቦን ገንዘብ እንድታገኝ፦ ከሚዛኑ እስከ ውሉ

የካርቦን ሽያጭ ሲነሳ በአገራችን ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ደን ነው። ምክንያትም አለው። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ እንዲያገግም ተደርጎ፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 የጋዝ ልቀት ቅነሳን መዝግቦ ለሽያጭ በሚያበቃው የተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዝግቧል፤ ክሬዲቱን፣ ማለትም የተረጋገጠውን ቅነሳ፣ የዓለም ባንክ ገዝቷል። ባለቤቶቹ በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተደራጁ ገበሬዎች ናቸው። በክልላችንም የኦሮሚያ ደን መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2023 እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ሊያስገኝ የሚችል ስምምነት ተፈርሞለታል። የጅማ ከተማ ግን የምትሸጠው ደን የላትም። እጇ ላይ ያለው የገበያ ትራፊ፣ የጫት ገረባና የቡና ገለባ ነው። እሱም በአግባቡ ከተያዘ ገንዘብ ይወጣዋል።

ይህን የምጽፈው ለማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች፣ ለምክር ቤት አባላትና የከተማቸው ነገር ለሚያሳስባቸው ነዋሪዎች ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ከተሞቻችንን ከካርቦን ገበያ የሚያስቀራቸው የገዢ እጦት ሳይሆን የመዝገብ እጦት ነው። የፕሮጀክት ሰነድ የሚጽፍ አማካሪ በገንዘብ ይገኛል። ባለፈው ዓመት ስንት ቶን ቆሻሻ ከየት ተነሥቶ የት እንደተጣለ የሚያሳይ መዝገብ ግን ከየትም አይገዛም።

በቅድሚያ የሚሸጠውን ነገር እወቁ

አንድ የካርቦን ክሬዲት ማለት ወደ አየር ሳይለቀቅ የቀረ፣ ወይም ከአየር የተወሰደ፣ 1 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም ከዚያ ጋር የሚመጣጠን ሌላ ጋዝ ነው። እርጥብ ቆሻሻ አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ የሚወጣው ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። ስለዚህ ትንሽ ሚቴን ብዙ ክሬዲት ነው።

ክፍያው የሚመጣው ሥራው ተሠርቶ፣ ተለክቶ፣ ገለልተኛ መርማሪ ካረጋገጠው በኋላ ነው። ይህን ያልተረዳ አስተዳደር የካርቦን ገንዘብን እንደ መነሻ በጀት ይቆጥርና ዕቅዱ ገና ከጅምሩ ይቆማል። ለግንባታና ለመሣሪያ የሚሆነው ገንዘብ ከከተማው በጀት፣ ከክልል ወይም ከለጋሽ መምጣት አለበት። ክሬዲቱ ሥራው እንዳይቋረጥ የሚደግፍ ገቢ ነው።

ከብዙው ሥራ አንዱን ምረጡ

እዚህ ላይ ጨከን ማለት ያስፈልጋል። ለከተማ የሚጠቅም ሥራ ሁሉ ክሬዲት አያስገኝም። የመንገድ መብራቶችን ኃይል ቆጣቢ በሆኑ መቀየር የማዘጋጃ ቤቱን ሂሳብ ይቀንሳል፤ መሠራትም አለበት። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲመጡ የሚታየው የግልገል ጊቤ ግድብ እንደሚያስታውሰን የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ ነው። ከውኃ የመነጨ ኃይል ቢቆጠብ የሚቀንስ ጭስ የለም ማለት ይቻላል፤ ክሬዲቱም እንደዚያው። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ባጃጆችስ? መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ገዢው «ይህ ለውጥ ያለ እኔ ገንዘብ አይመጣም ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የካርቦን ባለሙያዎች ተጨማሪነት የሚሉት ይህ ጥያቄ ነው። መልሱ «ይመጣ ነበር» ከሆነ ክሬዲት የለም። በአዌቱ ወንዝ ዳርቻ ዛፍ መትከል ደግሞ ለከተማዋ ጤናና ውበት ትልቅ ነገር ነው፤ በካርቦን ሚዛን ግን ከሁምቦ ስፋት ጋር ስታነጻጽሩት ለምርመራ የሚወጣውን ወጪ እንኳን አይሸፍንም።

«ምርጥ» እና «ላቀች» እንደሚባሉት ያሉ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎችን ማሠራጨት ሊታሰብ ይችላል። ሆኖም የምድጃ ክሬዲቶች ከእውነተኛው በላይ ተቆጥረዋል የሚል ጠንካራ ትችት ስለተነሣባቸው ገዢዎች ጠንቃቃ ሆነዋል። ለጅማ የምመክረው የሚበሰብሰውን ቆሻሻ ለይቶ ወደ ኮምፖስት መቀየር ነው። ሚቴኑ ይቀራል፣ ምርቱ ይሸጣል፣ ሥራውም ሰው ይቀጥራል። ቀደም ሲል አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና መቐለ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በተደገፈ የኮምፖስት ፕሮጀክት ታቅፈው ስለነበር ሠራተኞችን ልኮ የሠራውንም ያልሠራውንም ማየት ይቻላል።

ስትጀምሩ ከየቤቱ ሳይሆን ከገበያው ጀምሩ። ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ስሙ የታወቀው የሄርማታ ገበያ የአትክልት ቅጠል፣ የሙዝ ልጣጭና ገረባ በአንድ ቦታ ይሰጣችኋል፤ ፕላስቲክና ጠርሙስም ከቤት ቆሻሻ ያነሰ ነው። እርጥቡን ትራፊ የሚያመጣጥን ደረቅ ነገር ደግሞ ከቡና መፈልፈያዎች የሚወጣው ገለባ ነው። የኮምፖስቱ ቦታ ጣሪያ ይኑረው። በጅማ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስለሚረዝም ክምሩ ውኃ ከጠጣ አየር ያጣና ራሱ ሚቴን ማመንጨት ይጀምራል።

መዝኑ፣ መዝግቡ

ሥራው ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ነው። ቆሻሻ የሚጭን መኪና ወደ መጣያው ከመግባቱ በፊት መመዘን አለበት። ከተማው የራሱ የመኪና ሚዛን ከሌለው ካለው ድርጅት ጋር ተዋውሎ መጠቀም ይቻላል። መዝገቡ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ ቆሻሻው የተነሣበት ቀበሌ፣ ከነጭነቱ ያለው ክብደት፣ የባዶው ክብደት፣ የተጣራው ክብደትና የመዛኙ ፊርማ ይስፈር። «አንድ መኪና ሙሉ» የሚል ግምት ተቀባይነት የለውም። መዝገቡ በወረቀትም በኮምፒውተርም ይያዝ፤ የሚዛኑ የትክክለኛነት ማረጋገጫም አብሮ ይቀመጥ። መርማሪው በመጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ክብደቱ ብቻ አይበቃም፤ ውስጡ ምን እንዳለም መታወቅ አለበት። ከተመረጡ መኪናዎች የወረደውን ክምር ሸራ ላይ ዘርግቶ ማደባለቅ፣ ለአራት መክፈል፣ ሁለቱን ተቃራኒ ክፍሎች አስቀርቶ ሌሎቹን ማስወገድ፣ መጠኑ ለእጅ ሥራ እስኪመች ድረስ ይህንኑ መደጋገም ነው። ከዚያ የምግብ ትራፊ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ወረቀት፣ እንጨት፣ ጨርቅ፣ ፕላስቲክና አፈር እየለያችሁ ለየብቻ መዝኑ። ይህን በአንድ ወር ብቻ ሠርቶ ለዓመቱ ማዋል አይቻልም። የጅማ ቆሻሻ በክረምት ሌላ፣ በበጋ ሌላ ነው፤ የቡና መልቀሚያ ወቅት፣ ረመዳን፣ ጾምና በዓላት ሁሉ ይለውጡታል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ጤናና የግብርና መምህራንና ተማሪዎች ለዚህ ሥራ የቅርብ አጋር ናቸው። በጽሑፍ ስምምነት አስገቧቸው፤ ተማሪው ለመመረቂያው ጥናት ያገኛል፣ ከተማው መረጃ ያገኛል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሦስተኛ ልኬት የመጣያው ጥልቀት ነው። አይፒሲሲ በሚባለው የመንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንስ ቡድን ቀመር መሠረት አንድ ቶን የምግብ ትራፊ ከ5 ሜትር ያነሰ ጥልቀት ባለው ያልተደለደለ መጣያ ላይ ሲበሰብስ በጠቅላላው 20 ኪሎ ግራም ያህል ሚቴን ያወጣል። ጥልቀቱ 5 ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን መጠኑ እጥፍ፣ ማለትም 40 ኪሎ ግራም ነው፤ ከታች ያለው አየር አያገኝምና። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመነዘር የመጀመሪያው 560፣ ሁለተኛው 1,120 ኪሎ ግራም ይሆናል። ኮምፖስት ማድረጉ ራሱ በአንድ ቶን 180 ኪሎ ግራም ያህል ልቀት ስላለው ይቀነሳል። የሚቀረው ከጥልቅ ባልሆነው 380፣ ከጥልቁ 940 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

ለምሳሌ ያህል በቀን 20 ቶን የምግብ ትራፊ ኮምፖስት ብናደርግ በዓመት 7,300 ቶን ይሆናል። ይህ ጥልቅ ባልሆነ መጣያ ስሌት ወደ 2,800፣ በጥልቁ ስሌት ወደ 6,900 ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት 5 ዶላር ቢሸጥ 14,000 ወይም 34,500 ዶላር ይገኛል። እሱም በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ቆሻሻ ለመበስበስ ዓመታት ስለሚፈጅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚቆጠረው ክሬዲት ከዚህ ያንሳል። አንድ ዙር ምርመራ ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስወጣ ይችላል። አማካሪዎች ትልቁን ቁጥር ይዘው ሲመጡ ይህን ስሌት አውጡና አብራችሁ ሥሩ። የመጣያው ጥልቀት በቀያሽ ተለክቶ፣ ፎቶግራፍና ካርታ ተያይዞበት ይቀመጥ። ያልተለካን ጥልቀት ጥልቅ ነው ብሎ መጻፍ ማታለል ነው፤ ሲደረስበትም የሚበላሸው የከተማዋ ስም ነው።

ብቻችሁን አትውጡ

ከላይ ያለው ስሌት ግልጽ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ጅማን የሚያህል ከተማ ብቻውን ለካርቦን ገበያ ትንሽ ነው። ለዚህ መፍትሔ የሚሆን አሠራር አለ። ብዙ ተመሳሳይ ሥራዎች በአንድ መርሐ ግብር ይመዘገባሉ፤ የምዝገባና የምርመራ ወጪውን ይጋራሉ፤ አዲስ ከተማም በኋላ መግባት ይችላል። ቡና አምራቹ ጥቂት ኬሻውን ብቻውን ወደ ውጭ ከመላክ ይልቅ በማኅበሩና በዩኒየኑ በኩል እንደሚልከው ማለት ነው። ጅማ አጋሮን፣ በደሌንና መቱን ይዛ ብትነሣ፣ ክልሉም አስተባባሪ ቢሆን፣ ስሌቱ ይለወጣል። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት መዝገብና አንድ ዓይነት አመዛዘን መያዝ አለባቸው። ቅጹን ጅማ አዘጋጅታ ለሌሎቹ ብታካፍል ማስተባበሩም ወደ እሷ ይመጣል።

በቢሮው ውስጥ ማን ምን ይሥራ?

አዲስ መምሪያ ማቋቋም አያስፈልግም። ከጽዳትና ውበት፣ ከገንዘብና ከአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶች አንዳንድ ሰው ተመድቦ፣ ሥራው በሥራ ዝርዝራቸው ውስጥ ከተጻፈ ይበቃል። የጽዳቱ ሰው መዝገቡን፣ የገንዘቡ ሰው ውልና ሂሳቡን፣ የአካባቢ ጥበቃው ሰው ስሌቱንና ከፌዴራል ጋር ያለውን ግንኙነት ይይዛል። ለእያንዳንዱ ምትክ ይኑር። በከተሞቻችን ሹመትና ዝውውር ስለሚበዛ ሥልጠናውን የወሰደው ሰው ሲነሣ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ርክክብ ሲደረግ የይለፍ ቃሎች፣ የደብዳቤዎች ቅጂ፣ የስሌት ሰንጠረዦችና የመርማሪው ጥያቄዎች በዝርዝር ተፈርሞባቸው ይተላለፉ።

ከምንም በፊት ግን የምክር ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። መሬት ሳይጠረግ፣ መሣሪያም ሳይገዛ፣ «ይህን ሥራ የምንጀምረው የካርቦን ገቢን ግምት ውስጥ አስገብተን ነው» የሚል ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ «ለካርቦን ብለን ነበር» ማለት አያዋጣም። መርማሪው ቀኑን አይቶ ይጥለዋል።

ፈቃድና ውል

ክሬዲቱን ወደ ውጭ ለመሸጥ የፌዴራል መንግሥት ይሁንታ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ልቀቷን ባለበት ቢቀጥል ሊደርስበት ከሚችለው በ68.8 በመቶ ለመቀነስ ዕቅድ አስመዝግባለች። በፓሪሱ ስምምነት አንቀጽ 6 መሠረት በመንግሥት ፈቃድ ለሌላ አገር የተላለፈ ቅነሳ ከእኛ ሂሳብ ይነሣል፤ አንድ ቶን ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። ስለዚህ ይሁንታውን የሚሰጠውን የፌዴራል መሥሪያ ቤት ገዢ ከመፈለግ በፊት አነጋግሩ።

ገዢ ሲመጣ ውሉን የከተማው ነገረ ፈጅ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያንብበው። ሦስት ነገሮች ላይ አትለሳለሱ። ቃል የተገባው ክሬዲት ባይሟላ ከተማው ካሣ እንዲከፍል የሚያስገድድ አንቀጽ አይግባ። ምርቱን ሁሉ ለብዙ ዓመት በአንድ ዋጋ አትሽጡ፤ ዝቅተኛ ዋጋ ይወሰንና ከፊሉ ነጻ ይቀመጥ። የንጹሕ ልማት ሥርዓት ክሬዲት እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 20 ዩሮ ደርሶ በ2012 መጨረሻ ከ1 ዩሮ በታች መውረዱ አይረሳ። ቅድሚያ ገንዘብ ሰጥቶ የክሬዲቱን አብዛኛውን ድርሻ ለራሱ የሚጠይቅ አልሚ ሲመጣም ስሌቱን ሳያሳይ አይፈረምለት።

ገቢው ለማን?

ክሬዲቱ የማን ነው የሚለው ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ይወሰን። ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት፣ በመጣያው ላይ እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎች፣ የኮምፖስቱ ሠራተኞችና ማዘጋጃ ቤቱ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ለቃሚዎቹን ያለ ምትክ ሥራ ከቦታው ማባረር ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአዲስ አበባ ቆሼ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያ የቆሻሻ ተራራ ዙሪያ ስንት ቤተሰብ ይኖር እንደነበር መላው አገር አይቷል። ለቃሚዎቹ ተመዝግበው በመለየቱ ሥራ በቅድሚያ ይቀጠሩ፤ ጓንት፣ ቦት ጫማና ሕክምናም በበጀቱ ይያዝላቸው። የካርቦን ገቢው በተለየ የባንክ ሂሳብ ገብቶ በየዓመቱ ይመርመር፤ ሪፖርቱም በየቀበሌው ይለጠፍ።

ከመጀመሪያው ሚዛን እስከ መጀመሪያው ክፍያ ሁለት ሦስት ዓመት መጠበቅ የተለመደ ነው። በዚህ መሐል ጣቢያውን የሚያኖረው የኮምፖስቱ ሽያጭ ስለሆነ፣ ገና ጣሪያው ሲሠራ ለቡና ችግኝ ጣቢያዎች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለከተማው አረንጓዴ ቦታዎች የግዢ ስምምነት አቅርቡ። የመጀመሪያውን ናሙና መልኮ ለሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አስመርምራችሁ ውጤቱን ከስምምነቱ ጋር አያይዙ።