አማካሪያችሁ ፊት ዝም አትበሉ

የፒኤችዲ ትምህርቴን ስጀምር፣ ከአማካሪዬ ጋር የመጀመሪያ ቀጠሮዬ ላይ ደብተር ይዤ ገባሁ። አማካሪዬ ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። «ምን ይመስልሃል?» ሲሉኝ «ጥሩ ነው» አልኩ። «ምናልባት ያንን የቆየ ዳታም ብናየውስ?» ያሉትን ሁለት ጊዜ ከሥሩ አሰመርኩበት።

6 ሳምንት ሙሉ ያንን የቆየ ዳታ ሳጸዳ ከረምኩ። ውጤቱን ይዤ ስሄድ ግር ብሏቸው አዩኝ። ማለታቸውን ጭራሽ አያስታውሱትም። እሳቸው በወሬ መሀል አፋቸው ላይ የመጣላቸውን ነው ያሉት፤ እኔ እንደ ትእዛዝ ወሰድኩት። የሚያናድደው ደግሞ ዳታው ለጥናቴ እንደማይሆን በሁለተኛው ሳምንት ገብቶኝ ነበር። አፍ አውጥቼ ልናገር ስል ይሉኝታ ያዘኝ።

ስለ ባንክ ሒሳብ፣ ስለ ስልክ ቁጥር፣ ስለ ቤት ኪራይ የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። እኔ የምጽፈው ለፒኤችዲ ወደ ውጭ አገር ለመጣችሁ፣ ሥራው ራሱ እንዴት እንደሚሄድ ነው። አብዛኛው ደንብ የትም አልተጻፈም። ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ የለም። ዝም ካላችሁ ደግሞ ወይ «ተስማምቷል» ወይ «የራሱ ሐሳብ የለውም» ተብሎ ይታለፋል። እኛ ለአክብሮት ብለን ዝም እንላለን፤ አማካሪዎቹ ግን የምንለው እንዳጣን ይቆጥሩታል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዝኩ። ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀደም ብዬ አጭር ኢሜይል እልካለሁ። ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። እንዲህ ዓይነት ነው፦

«የመጀመሪያውን ሞዴል ጨርሻለሁ፤ ግራፉን አያይዣለሁ። ሁለተኛው እምቢ ብሎኛል። ናሙናው ሦስት ቦታ ሲከፈል የሚበቃ አይመስለኝም። እኔ ሁለቱን ቡድኖች ብንቀላቅላቸው እላለሁ። ነገ መወሰን ያለብን ይህ ብቻ ነው፤ ሌላው ይቆያል።»

ዋናዋ ነገር «እኔ እንዲህ እላለሁ» የምትለዋ ናት። የምትሉት ስህተት ቢሆን ግድ የለም። አማካሪ የሚያርመው ነገር ሲያገኝ ነው ማስተማር የሚጀምረው። «ምን ላድርግ?» ብሎ ባዶ እጅ መግባት በመጀመሪያው ዓመት ያስኬዳል፤ በሦስተኛው ያስተዛዝባል።

ከቀጠሮው በኋላም በዚያው ቀን ሦስት መስመር እጽፋለሁ፦ ዛሬ የተስማማነው ይህ ነው፣ እኔ የምሠራው ይህ ነው፣ ይህኛውን ግን እንደ ሐሳብ ነው ወይስ እንድሠራው ፈልገው ነው ያነሱት? ያቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ብቻ ስንት ሳምንት እንዳዳነችልኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ብዙ ተማሪ ያለው ሰው ያለውን ሁሉ አያስታውስም። ኢሜይሉ ግን አይረሳም።

መጥፎ ዜና ደግሞ ቶሎ ይነገር። ሙከራው ከከሸፈ ወይም ኮዱ ላይ ስህተት ካገኛችሁ በዚያው ሳምንት ተናገሩ። ከሦስት ወር በኋላ ሲወጣ ሰው የሚጠይቀው ስለ ስህተቱ አይደለም፤ ለምን እንደደበቃችሁት ነው።

አጠራርን በተመለከተ፣ ኢሜይላቸውን በስማቸው ብቻ ከፈረሙ በስማቸው ጥሯቸው። «ፕሮፌሰር» ብለው ከፈረሙ «ፕሮፌሰር» በሉ። እኔ በስም ለመጥራት 8 ወር ፈጀብኝ። አሁንም በአማርኛ ሳስባቸው በአንቱታ ነው።

ሥርዓቱ እንደ አገሩ ይለያያል። አሜሪካ የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኮርስ ይወስዳል፣ የብቃት ፈተና ይቀመጣል፤ ጠቅላላው 5 ወይም 6 ዓመት መሄዱ የተለመደ ነው። እንግሊዝ አገር 3 ወይም 4 ዓመት ነው። ኮርሱ ትንሽ ነው፤ ግን አንደኛው ዓመት ገደማ «ይቀጥል ወይስ ይቅር» የሚባልበት ግምገማ አለ። ኔዘርላንድስና ስካንዲኔቪያ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው የቅጥር ውል ያለው ደመወዝተኛ ነው። ስለዚህ ሌላ አገር ያለ ወዳጃችሁ የሚሰጣችሁ ምክር፣ ከልቡ ቢሆንም፣ ለእናንተ ላይሠራ ይችላል። የትም ብትሆኑ ግን በመጀመሪያው ወር ይህን ጠይቁ፦ ገንዘቡ የሚያልቀው መቼ ነው? ጥናቱ ከዚያ ካለፈስ ማን ይከፍላል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

በማን ስም ትጽፋላችሁ?

ይህ የእኛው ጣጣ ነው። ፓስፖርታችን ላይ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም አለ። ቅጾቹ የሚፈልጉት የቤተሰብ ስም የሚሉትን ነው፤ እኛ ደግሞ የለንም። አንዱ ቢሮ የአባትን ይወስዳል፣ ሌላው የአያትን። የመጀመሪያው ጽሑፋችሁ በአባት ስም፣ ሁለተኛው በአያት ስም ከወጣ፣ ለሚፈልጋችሁ ሰው ሁለት የተለያዩ ደራሲዎች ናችሁ። በዚያ ላይ የፊደሉ ነገር አለ። «ፀ»ን አንዱ በ«ቲ» እና «ኤስ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በ«ቲ» እና «ዜድ»። «ቀ»ን አንዱ በ«ኬ»፣ አንዱ በ«ኪው»።

የመጀመሪያውን አብስትራክት (የጥናታችሁን አጭር ማጠቃለያ) ከመላካችሁ በፊት ወስኑ። ከወሰናችሁም አትቀያይሩት። እኔ የአባቴን ስም መረጥኩ፤ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያንን ስለሆነ። ከዚያ ኦርኪድ የሚባለውን መለያ ቁጥር አውጡ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች በነጻ የሚሰጥ ባለ 16 አኃዝ ቁጥር ነው። ብዙ ጆርናሎች ጽሑፍ ስታስገቡ ይጠይቋችኋል። ስማችሁ በየቦታው ቢለያይም ሥራዎቻችሁን በአንድ ቁጥር ሥር መሰብሰብ ትችላላችሁ።

አንድ ኮንፈረንስ ላይ መድረክ መሪው በአባቴ ስም ብቻ ሁለት ጊዜ ተጣራ። እኔ ማን ይሆን ብዬ ዙሪያዬን አይ ነበር። ትለምዱታላችሁ።

የደራሲነት ጉዳይ

አንድ ክረምት የሌላ ቡድን ዳታ ስሰበስብና ስመረምር አሳለፍኩ። ጽሑፉ ሲወጣ ስሜን ያገኘሁት መጨረሻ ላይ፣ «እናመሰግናለን» የሚለው አንቀጽ ውስጥ ነው። ተናደድኩ። አሁንም ትንሽ ይቆጨኛል። ግን እውነቱን ለመናገር ማንም ቃል አልገባልኝም ነበር፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሥራው ሳይጀመር ጠይቁ። ነውር አይደለም። «ይህ ወደ ጽሑፍ ቢያድግ የእኔ ድርሻ ምን ይሆናል?» ማለት በቂ ነው። በሕክምናና በጤና ዘርፍ ብዙ ጆርናሎች የሚከተሉት መለኪያ አለ። በሥራው ላይ ጉልህ ድርሻ መኖር፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በይዘት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም መሟላት አለባቸው። ስለዚህ ዳታ ብቻ ሰብስባችሁ ከቀራችሁ መከራከሪያ የላችሁም፤ ረቂቁን አንብቤ አስተያየት ልስጥ በሉ።

የስም ቅደም ተከተሉም እንደየዘርፉ ነው። ላብራቶሪ ባለበት ሳይንስ አብዛኛውን የሠራው መጀመሪያ ይገባል፣ የላብ ኃላፊው መጨረሻ። በሒሳብና በኢኮኖሚክስ ደግሞ በፊደል ተራ መደርደር የቆየ ወግ ነው። የእናንተን ዘርፍ ልማድ ለማወቅ የአማካሪያችሁን ያለፉ አምስት ጽሑፎች ማየት ይበቃል።

ጽሑፍ መላክ ስትጀምሩ ከማይታመኑ ጆርናሎች «የተከበሩ ፕሮፌሰር» የሚል ኢሜይል ይጎርፍላችኋል። ገና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናችሁ፣ እነሱ ፕሮፌሰር አድርገዋችኋል። በሳምንት ውስጥ እናትማለን ይላሉ። ለማሳተም ስለምትከፍሉት ገንዘብ የሚነግሯችሁ ጽሑፉን ከተቀበሉ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ጆርናል ላይ የወጣ ሥራ ሲቪ ላይ ከሚያቆማችሁ የሚጥላችሁ ይበዛል። ክፍት ጆርናል (ማንም በነጻ የሚያነበው) ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2003 ስዊድን፣ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው ዲኦኤጄ በሚባለው ማውጫ ውስጥ መኖሩን እዩ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ መጠየቅ ነው። እነዚህን ሰዎች የሚጠቀምባቸው ተማሪ ጥቂት ነው፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ማጣቀሻ የሚያደራጀውን ዞቴሮ የሚባል ሶፍትዌርም በዚያው ያሳዩዋችኋል። ነጻ ነው። ማጣቀሻ በእጅ እየጻፋችሁ ጊዜ አታቃጥሉ።

ጽሑፋችሁን ካነበቡት የጆርናሉ ገምጋሚዎች አስተያየት ሲመጣ የመጀመሪያ ቀን አትመልሱ። አንብቡትና ዝጉት። ከዚያ እያንዳንዱን ነጥብ ለብቻው ገልብጣችሁ ከሥሩ መልስ ጻፉ፤ የማትስማሙበትን ጭምር፣ ከነምክንያቱ።

ከምረቃ በኋላ የሚቆጥረው ሰዓት

ብዙ ሰው ስለዚህ የሚያስበው መመረቂያ ጽሑፉን ካስገባ በኋላ ነው። ያኔ ረፍዷል። አሜሪካ በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ላላችሁ፣ ከምረቃ በኋላ በዘርፋችሁ መሥራት የሚያስችለው ኦፒቲ 12 ወር ነው፤ በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ዘርፎች 24 ወር ሊጨመር ይችላል። ማመልከቻው ፕሮግራሙ ከማለቁ 90 ቀን አስቀድሞ ይከፈታል፣ ካለቀ 60 ቀን በኋላ ይዘጋል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ በጊዜያዊ የአካዳሚ ውል መሥራት የሚቻለው በመደበኛው ከዶክትሬት በፊት እስከ 6 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ 6 ዓመት ነው። ከዚያ ወይ ቋሚ ቦታ፣ ወይ ሌላ መንገድ።

አውሮፓ ያላችሁ በማሪ ስክሎዶቭስካ-ኩሪ ስም የሚሰጠውን የፖስትዶክ ፌሎሺፕ (ከዶክትሬት በኋላ ለሚሠራ ምርምር የሚሰጥ ድጋፍ) ትሰማላችሁ። ከማመልከቻው መዝጊያ ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ የኖራችሁበት አገር ላይ ሆናችሁ ልትወስዱት አትችሉም። ቤልጅየም የጨረሰ ሰው በማግሥቱ እዚያው ቤልጅየም ልቆይበት ቢል አይሆንለትም ማለት ነው። ስለዚህ ቀጣዩ አማካሪያችሁ ሌላ አገር ያለ ሰው ሊሆን ይችላል። ያንን ሰው በሦስተኛው ዓመት ኮንፈረንስ ላይ አግኙት። ፖስተራችሁ አጠገብ ከቆመ «እርስዎስ በምን ላይ እየሠሩ ነው?» በሉት፤ ሌላው ወሬ በራሱ ይመጣል።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ኩባንያ መግባትም አለ። አማካሪያችሁ ፊት ይህን ማንሳት ከከበዳችሁ ለብቻ የሙያ አማካሪዎች ያሉበትን ቢሮ ጠይቁ። ሽንፈት ነው የሚሏችሁን አትስሟቸው። ቋሚ የአካዳሚ ቦታ ከተመራቂው ቁጥር ጋር አይመጣጠንም።

የትኛውም መንገድ ላይ ግን የድጋፍ ደብዳቤ ትጠየቃላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ከሦስት ሰው። አንዱ አማካሪያችሁ ነው። ሁለቱ ከየት ይመጣሉ? ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ሌላ ሁለት ሰው ሥራችሁን በቅርብ እንዲያውቅ አድርጉ፤ ረቂቅ አስነብቡ፣ ሴሚናር ላይ ጥያቄ ጠይቁ። ስትጠይቁም ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ፣ «ጥሩ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» በሉ። ካመነቱ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ሳመለክት አማካሪዬ «አብረን የሠራነውን በአጭሩ አስታውሰኝና ደብዳቤውን ልጻፍ» አሉኝ። ከየቀጠሮው በኋላ የላክኋቸውን ኢሜይሎች ፈልጌ አንድ ፋይል ላይ ሰበሰብኳቸው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የመጀመሪያው «የቆየውን ዳታ ትቼዋለሁ፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች ጽፌያለሁ» የሚል ነበር።