ጉዳዩ፦ እጩ ሲመረመር ዜናውን እንዴት እናንብብ

ደሴ ውስጥ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ራፖር ጸሐፊ ይሉናል። ድሮ በታይፕ ነበር፣ አሁን በኮምፒውተር ሆኗል። ሥራው ግን ያው ነው። ሰው ብሶቱን ይዞ ይመጣል፣ እኔ መልክ አስይዝለታለሁ። ቀን፣ ለማን፣ ጉዳዩ፣ ዝርዝሩ፣ ፊርማ፣ ግልባጭ።

ምርጫ በመጣ ቁጥር፣ የኛም ይሁን የሰው አገር፣ ቡና ላይ አንድ ጠብ አይጠፋም። «እጩው እየተመረመረ ነው» የሚል ወሬ ይመጣል። ግማሹ «ድሮም ሌባ ነው» ይላል። ግማሹ «ፖሊሶቹ ተልከው ነው» ይላል። እኔ እንዲህ ያለውን ዜና ልክ እንደ ማመልከቻ ነው የማነበው። ሞክሩት፣ ይሠራል።

መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ከላይ በቀኝ በኩል ያለችውን።

በ2009 አሜሪካኖቹ ክሊንተንና ትራምፕን ሊመርጡ ሲሉ የኤፍቢአይ፣ የፌዴራል የምርመራ ቢሯቸው፣ ዳይሬክተር የነበረው ጄምስ ኮሚ ስለ ክሊንተን የኢሜይል ምርመራ ለኮንግረስ፣ ለምክር ቤታቸው፣ ደብዳቤ ጻፈ። ቀኑ ጥቅምት 18። ድምፅ የሚሰጠው ጥቅምት 29። 11 ቀን ነው የቀረው! ያን ሰሞን ቧንቧ ውሃ አካባቢ አጎቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። ጎረቤታቸው ሐጂ ከሬዲዮ ሰምተው መጡ። «ደብዳቤ ተጻፈባት፣ አለቀላት!» አሉ። አጎቴ ደግሞ ለክሊንተን ያደላሉ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። «አንቱ ደብዳቤውን አይተውታል?» አሏቸው። «ሬዲዮው ይዋሻል እንዴ?» በዚሁ ተኳረፉ።

ቀን ብቻውን ተንኮልን አያረጋግጥም። ኮሚ የራሱ ምክንያት ነበረው። ክሊንተን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለች የመንግሥት ሥራ በግል ኢሜይል ትሠራ ነበር፤ የተመረመረው ይህ ነው። ሰኔ 28 ቀን 2008 ወጥቶ ምርመራውን ጨርሰናል፣ ክስ ይመሥረት አንልም ብሎ ነበር። ክሊንተንንና ባልደረቦቿን «በጣም ግድየለሾች ነበሩ» ብሎ ተችቶም ነበር። ከዚያ በሌላ ምርመራ የተያዘ ላፕቶፕ ውስጥ ተጨማሪ ኢሜይሎች ተገኙ። ዝም ብል ደበቅኩ ማለት ነው አለ። የኤፍቢአይ የበላይ የሆነው የፍትሕ መሥሪያ ቤት ሰዎች ግን ምርጫ ሲቃረብ እንዲህ ያለ ነገር አናደርግም ብለው መክረውት ነበር። አልሰማም። ስለዚህ ቀኑን ስታዩ «ለምን ዛሬ?» ብቻ አትበሉ። «ሁልጊዜ እንዴት ነበር የሚያደርጉት? ዛሬስ ከልማዳቸው ወጡ ወይ?» በሉ። በ2010 የወጣው የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዋና ኢንስፔክተር፣ ማለት የውስጥ ተቆጣጣሪው፣ ሪፖርት ኮሚን የወቀሰው በዚሁ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ደንብና ልማድ ወጥቷል አለ፤ ለፖለቲካ አድልቶ ነው ግን አላለም።

ቀጥሎ ግልባጩን እዩ። ደብዳቤው የተጻፈው ለኮንግረስ ኮሚቴ ሰብሳቢዎች ነው። ከደቂቃዎች በኋላ ግን ዓለም ሁሉ እጅ ገባ። ለአንድ ቢሮ ብለህ የጻፍከው ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያየው እያወቅህ ከሆነ፣ ግልባጭ ባትልም ግልባጭ አድርገሃል። በኔ ሥራ ይህን የማያውቅ የለም።

አሁን ከባዱ ይመጣል። ያልተጻፈውንም ደብዳቤ ፈልጉ።

በዚያው ጊዜ ኤፍቢአይ ሌላ መዝገብ ከፍቶ ነበር። የትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ሰዎች ከሩሲያ ጋር ግንኙነት አላቸው ወይ የሚል። የተከፈተው ሐምሌ 24 ቀን 2008 ነው። ኮሚ በይፋ ያመነው መጋቢት 11 ቀን 2009፣ ምርጫው ካለፈ ከአራት ወር በላይ ቆይቶ። ዝም ማለቱ ትክክል ነው፤ ምርመራ በዝምታ ነው የሚሠራው። ግን ለአንዱ ዝም ብለህ ለሌላው ደብዳቤ ስትጽፍ ሰው ሚዛንህን ያያል።

ክሊንተንን የሚደግፍ ሰው እዚህ ላይ ደስ እንዳይለው። በ2012 የወጣው ሌላ የኢንስፔክተር ሪፖርት የሩሲያው ምርመራ መከፈቱ በቂ መነሻ ነበረው አለ። ግን አንድ የዘመቻውን የቀድሞ አማካሪ ለመከታተል ለፍርድ ቤት በቀረቡት ጥያቄዎች ላይ 17 ከባድ ስህተቶችና ግድፈቶች አገኘ። አንድ የኤፍቢአይ የሕግ ባለሙያ ኢሜይል ውስጥ ቃል ለውጦ ተገኘ፤ ጥፋቱንም አመነ። በ2015 ደግሞ ልዩ ዐቃቤ ሕጉ ጆን ዱረም ሙሉ ምርመራ መከፈት አልነበረበትም አለ። እንግዲህ ሁለቱም ወገን እጁ ላይ ወረቀት አለው። አንዱን ብቻ የሚያሳያችሁን ሰው ሌላውን አምጣ በሉት።

«ጉዳዩ» የሚለው ላይ አልቆይም፣ ቃላቱን ብቻ ለዩ። የተጠራ፣ የተጠረጠረ፣ የተከሰሰ፣ የተፈረደበት አንድ አይደሉም። በኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ንጹሕ ተብሎ እንዲገመት ያዛል። ዜናው «14 ቀን ተፈቀደ» ካለ ፖሊስ ሥራውን አልጨረሰም ማለት ነው። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ለምርመራ በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ቢበዛ ይኸው ነው። ፍርድ አይደለም።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለምስክርነት ቃል ወደ አንድ ጣቢያ ተጠራሁ። 3 ሰዓት ገብቼ 5 ሰዓት ወጣሁ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ስንቅ እየቋጠረች ነው። ሰፈሩ አስሮኝ ነበር። እኔ ተራ ጸሐፊ ነኝ፤ እጩ ብሆን ኖሮ አስቡት።

አጎቴና ሐጂ እስከ መውሊድ ተኳርፈው ቆዩ። ክሊንተንም ተሸንፋ አልቆ ነበር። ጥቅምት 27 ቀን ኮሚ ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፎ «የሐምሌው አቋማችን አልተለወጠም» ማለቱን እንኳ ሁለቱም አልሰሙም። በእነሱ አቆጣጠር ነው ሐምሌ ያለው፤ በኛ ያቺው ሰኔ 28 ናት። የመጀመሪያዋን ደብዳቤ ከኢንተርኔት አውጥቼ አተምኳት። ፍሬ ነገሯ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ በአማርኛ እያነበብኩ ነገርኳቸው። አዲስ የተገኙት ኢሜይሎች ፋይዳ ይኑራቸው አይኑራቸው ገና አልታወቀም የምትለው ቦታ ላይ ሐጂ አስቆሙኝ።

«እስቲ ድገማት» አሉ። ደገምኳት።

«ይቺን ሬዲዮው አላነበባትም» አሉ ወደ አጎቴ ዞረው።

«አንብቧት ይሆናል» አሉ አጎቴ። «እኛ ነን እየጮህን ያልሰማናት።»