ልጃችሁ አይስ ጀምሯል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምን ታደርጋላችሁ (ጎንደር ላላችሁ ወላጆች)

እኛ ከተማ የአፍላ ልጅ ሱስ ሲባል ቶሎ ሚታወሰን ጫት ነው፣ ከዛ ሺሻ፣ ከዛ ትራማዶል ሚባለው የሕመም ማስታገሻ ኪኒን። ግን አይስ ሚባለውን አነቃቂ ዕፅም ማወቅ አለብን፣ ከአረብ አገር የተመለሱት ሻቡ ይሉታል፣ ሐኪም ሜታምፌታሚን ይለዋል፣ ሁሉም አንድ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አይስ ያለበት የአምፌታሚን ቤተሰብ ዘመድ ስለሆነ ልጆችን "ያው ጠንከር ያለ ጫት ነው" ብሎ ማታለል ይቀላል። ውሸት ነው። የጫት ምርቃና በሰዓታት ውስጥ ይበርዳል፣ ይሄኛው ግን ግማሹ ብቻ ከደም እስኪወጣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል፣ ስለዚ ልጁ ሁለት ሦስት ቀን እንቅልፍ ሚባል ሳያየው ሊከርም ይችላል።

መጀመሪያ ሳትጮሁ እዩት። ብሌኑ በጠራራ ፀሐይ እንኳን የሰፋ ነው ወይ፣ ሳያቋርጥ ያወራል ወይ፣ ጥርሱን ያፋጫል ወይ፣ ምግብ አስጠልቶት በአጭር ጊዜ ከስቷል ወይ፣ ፊቱን ወይ ክንዱን እየቧጨረ አቁስሏል ወይ። ትራማዶል የወሰደ ልጅ በተቃራኒው ብሌኑ ይጠባል ያንቀላፋል፣ እሱም ሌላ አደጋ ነው፣ ትንፋሹ ከዘገየ አታስተኙት ወዲያው ሐኪም ቤት። እኛ ሰፈር ያለች አንድ እናት የሽንት ቤቱ አምፖል እየጠፋ ሲያስቸግራት ተከራዮቹን ነበር ምትጠረጥረው፣ በኋላ ፍራሽ ስታገላብጥ ቂጡ ተቆርጦ ውስጡ የጠቆረ አምፖልና ቀለሙ የወጣለት የእስክሪብቶ ቀፎ አገኘች፣ አይሱ ሚጨስበት ዕቃ ነው። እንዲህ አይነት ነገር ካገኛችሁ ጥርጣሬያችሁ መሠረት አለው ማለት ነው። እንቅልፍ ማጣትና መክሳት ብቻውን ግን አይበቃም፣ የማትሪክ ጭንቀትም ድብርትም እንደዛ ያደርጋል።

ካገኛችሁ በኋላ ሚከብደው ንግግሩ ነው። ሞቅ ብሎት እያለ በፍጹም አትጀምሩ፣ ያኔ ሚሰማው ነገር የለም፣ ሊፈራችሁና ሊማታም ይችላል። ተኝቶ ተነስቶ በልቶ ይሁን። ደሞ አጎት አክስት ጎረቤት ሰብስባችሁ እንደ ሽምግልና አታስቀምጡት፣ አንድ ሰው ይበቃል፣ ያ ሰው ደሞ ልጁ ሚፈራው ሳይሆን ሚወደው ይሁን፣ አያቱም ብትሆን። "ልጄ፣ ማታ ማታ እንደማትተኛ አይቻለሁ፣ ይሄንንም አግኝቻለሁ፣ አልመታህም፣ ምን እየወሰድክ እንደሆነ ንገረኝና ነገ አብረን ሐኪም ጋ እንሂድ" በቃ ይሄን ያህል። "አዋረድከኝ፣ የሰው መሳቂያ አደረግከኝ" ሚለው ንግግር በሩን ይዘጋዋል፣ ዱላም እንደዛው፣ የተመታ ልጅ ሚማረው በደንብ መደበቅን ነው።

ሲያቆም ሚመጣውን እወቁት፣ ብዙ ቤተሰብ ሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀንና ሌሊት ሳይለይ ይተኛል፣ ሲነሳ እንደ ጉድ ይበላል፣ ሰነፍ ሆነ ብላችሁ አትቀስቅሱት፣ ሰውነቱ እየከፈለ ያለ ዕዳ ነው። አጥሚት፣ ሾርባ፣ እንቁላል፣ ውሃ አጠገቡ አይጥፋ። ቀጥሎ ከባዱ ይመጣል፦ ድብርት፣ መነጫነጭ፣ ሐራራ። ቃሚዎች ዱካክ ሚሉትን (ጫት ሲቀርባቸው ሚመጣባቸውን ቅዠት) የምታውቁ ያንን እጥፍ ድርብ አድርጋችሁ አስቡት፣ አንድ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ ሐራራው ደሞ ለወራት እየሄደ ይመለሳል። በዚህ ሰዓት ራሱን ሊጎዳ ይችላልና ብቻውን አይደር። የቤት መድኃኒቱን፣ የአረም መርዙን፣ በተለይ መሳሪያ ቤት ካለ (እኛ አገር ደሞ አለ) ወደ ዘመድ ቤት አሽሹት። "መሞት ያሰኝሃል ወይ?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፣ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፣ ያቀልለታል እንጂ። እንቅልፍ እንዲወስደው ብላችሁ አረቄም ሆነ ከፋርማሲ በጓሮ የተገዛ ዲያዜፓም እንዳትሰጡት፣ ከአንዱ ሱስ ወደ ሌላው ነው ምታሻግሩት።

ሕክምናው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ብላችሁ ጠይቁ፣ "ልጄን እብድ ሊሉብኝ ነው" ሚለውን ፍርሃት እባካችሁ እቤት ትታችሁት ሂዱ። ለአይስ ሱስ እንደ ወባ ኪኒን ተውጦ ሚያስለቅቅ መድኃኒት የለም፣ አለኝ ብሎ ሚሸጥላችሁን አትመኑ። ሚሠራው በተከታታይ የሚደረግ የምክር ሕክምናና ንጹህ ሆኖ ለቆየበት ጊዜ ወዲያው ሚሰጥ ትንሽ ሽልማት ነው፣ ይሄ በጥናት የተረጋገጠ መንገድ ነው፣ ጉቦ አይደለም። እቤትም ቀለል አድርጋችሁ ልታግዙት ትችላላችሁ፣ ሳምንቱን ንጹህ ሆኖ ካለፈ የኳስ ጫማ፣ የኢንተርኔት ጥቅል፣ ሚወደው ምግብ፣ ብቻ ጥሬ ብር አትስጡት። ከፒያሳ ወደ ቤት ሲመጣ ጓደኞቹ ሚቀመጡበት ጋ ሚያልፍ ከሆነ መንገዱን ቀይሩለት፣ እስኪጠነክር ባጃጅ ከፍላችሁም ቢሆን።

ሰው ያሳድደኛል፣ በግድግዳው ውስጥ ያሙኛል፣ ቆዳዬ ስር ተባይ ይሄዳል ካለ ዕፁ ሚያመጣው ሕመም ነው፣ መተት ነው ብላችሁ ጊዜ አታባክኑ። ጸበል መሄድ ለምትፈልጉ እኔ አልቃወምም፣ እኔም ማምንበት ነው፣ ግን ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት አይቋረጥ፣ ልጁም አይታሰር፣ እንደዛ ከስቶ እያለም ጾም አይበዛበት። የንስሐ አባታችሁን አስቀድማችሁ አማክሯቸው፣ "መድኃኒትህን እየዋጥክ ተጠመቅ" ሚለው ቃል ከሳቸው አፍ ሲወጣ ልጁም ቤተሰቡም ይሰማል።

ደረቱን ካመመው፣ ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይ አንድ ጎኑ ከዛለ ግን ቀጠሮ ሚባል ነገር የለም። ልብሱን አላልታችሁ በእርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዛችሁ ድንገተኛ ክፍል አድርሱት፣ ምን እንደወሰደም ለሐኪሙ እውነቱን ንገሩ፣ ለማፈር ጊዜው አይደለም።

ተመልሶ ቢጀምርስ? ብዙዎቹ አንዴ ይመለሳሉ፣ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም። በዛው ቀን ከየት እንዳገኘው፣ ከማን ጋ እንደነበረ፣ ከመውሰዱ በፊት ምን እንደተሰማው በእርጋታ ጠይቃችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ቀጠሮውን አስቀድማችሁ ወረቀቱን ለአማካሪው አሳዩት፣ ሚቀጥለው እቅድ ከዛ ነው ሚወጣው።